በግድብ ውኃ ውስጥ የዓሣ ጫጩት ስለ መልቀቅ

የዓሣ ጫጩት ከሌላ ስፍራ አምጥቶ ወደ ሐይቅ መልቀቅ ለወለጋ እንግዳ ነገር አይደለም። በፊንጫ ግድብ ውኃ የሚጠመደው ቆሮሶ በዚህ መንገድ የገባ ዓሣ ነው። ዳሩ ግን ጫጩት መለቀቁ አንድ ነገር ነው፤ በውኃው ዳር የሚኖረው ሰው ዓሣ ማግኘቱ ሌላ ነገር ነው። በጽሕፈት ቤት ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቈጠራሉ።

ይህን ለመረዳት በአሜሪካ በሳልሞን የሆነውን ማየት ይበቃል። ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ፥ በባሕር አድጎ፥ ዕንቍላሉን ለመጣል ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1872 ሊቪንግስተን ስቶን የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ በማክላውድ ወንዝ ዳር ዕንቍላሉ የሚሰበሰብበትን ጣቢያ አቋቋመ። በኋላም በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ግራንድ ኩሊ የተባለው ታላቅ ግድብ በ1942 ሲፈጸም፥ ለዓሣ መውጫ ስላልተሠራለት፥ ከበላዩ ያለው ወንዝ ሁሉ ለሳልሞን ተዘጋ። ለጠፋው ምትክ ይሆናሉ ተብለው ማራቢያ ቤቶች ተሠሩ፤ የተሠሩት ግን ከግድቡ በታች ነው። ከግድቡ በላይ በኬትል ፏፏቴ ከጥንት ጀምሮ ሲያጠምዱ የነበሩት የአገሩ ተወላጆች ፏፏቴውም ከውኃ በታች ሆነባቸው፥ ምትኩም አልደረሳቸው። ከዚህም ሌላ በ2007 የታተመ አንድ ምርመራ ለሳልሞን የቀረበውን የስቲልሄድን ዘር በሁድ ወንዝ አጥንቶ፥ ዓሣው በማራቢያ ቤት በኖረ ቍጥር በወንዝ የመራባት ኀይሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እጅግ እንደሚደክም አሳይቷል።

ወደ ፊንጫ እንመለስ። ግድቡ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ሲፈጸም ውኃው የጮመንን ረግረግ ብቻ አልሸፈነም። በኋላ በተደረገው ልኬት 120 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ረግረግ፥ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር የእርሻ መሬትና ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ደን ከውኃ በታች ሆኗል። ኤሌክትሪኩ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደ፤ ከብት ያሰማራ የነበረው ገበሬ ግን በመስኩ ፈንታ ያገኘው ውኃ ነው። እንግዲህ ከዚህ ውኃ የሚወጣው ቁርጡሚ፥ ማለት ዓሣው፥ ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ለወረዳው ሹም የሚገባ ጥያቄ ነው።

የቆሮሶ ጠባይ ከሳልሞን የተለየ ነው። ረጅም መንገድ አይሄድም፤ ወንዱ በዳር ባለው ጥልቀት በሌለው ውኃ ጎድጓድ ይምሳል፥ ሴቷም ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ትጠብቃለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተላመደ ያለ ማራቢያ ቤት ራሱ ይበዛል። በየዓመቱ ጫጩት ቢጨመርበት በደብዳቤ ላይ ቍጥሩ ያምራል፥ በመረቡ ውስጥ ግን ብዙ ለውጥ አይታይም። የሚጐዳው ሌላ ነው፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ያልወለደውን ዓሣ ይሰበስባል፤ በዳር የሚጐተት መረብም ጎድጓዱን ያፈርሳል፤ የግድቡ ውኃ በፍጥነት ሲቀንስ መራቢያው ደረቅ መሬት ይሆናል። ፊንጫ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነ፥ ዓሣው በቆላ እንደሚያድገው ፈጥኖ አያድግም፤ ያለቀውም ቶሎ አይተካም።

በዴዴሳና በአንገር ወንዝ ግን ነገሩ ይለያል። እነዚህ ወንዞች የራሳቸው ዓሣ አላቸው። ከእነርሱም ባርበስ የሚባለው ወገን ለመውለድ ወደ ላይኛው ወንዝ የሚወጣ አለው፤ በዚህ ነገር ሳልሞንን ይመስላል። በጣና ሐይቅ በ1980ዎቹ የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ከገባ ወዲህ፥ ለመውለድ ወደ ወንዝ የሚወጣው ባርበስ በወንዙ አፍ ላይ እየተያዘ በጥቂት ዓመታት እጅግ ቀነሰ። እንዲህ ባለ ወንዝ እንግዳ ጫጩት መልቀቅ ችግሩን አያቃልልም፤ እንዲያውም ለአገሩ ዓሣ ተሻሚ ይጨምርበታል። ከሳልሞን ወገን የሆነው ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቋል፤ ጥቅሙ ግን ከባላገሩ ገበታ ይልቅ በመንጠቆ ለሚዝናና እንግዳ ያደላ ነው።

ስለዚህ ጫጩት ይላክልን ብሎ ከመጻፍ በፊት፥ ሹሙ በሻምቡና በፊንጫ ገበያ የሚወርደውን ዓሣ በዓይነትና በክብደት አንድ ዓመት ሙሉ ያስመዝግብ፤ በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ የሁለት ወር ቍጥር ያሳስታል። አዋጅ ቍጥር 315/1995ንም አስቀድሞ ያንብብ። መረብ ለማደል ወይም ማኅበር ለማቋቋም ሲታሰብ፥ መሬታቸው በውኃ የተያዘባቸው ሰዎችና ልጆቻቸው በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ።