በክላውድ ውስጥ የግል ቅጥር ስለ ማጠር

ቤት የሠራ ሰው አጥር ሳያጥር አያድርም። እኔ ግን በዘንድሮው ዓመት ያለ አጥር አድሬ ስለ ነበር፣ ከስሕተቴ የተማርሁትን ለማካፈል ይህችን አጭር ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ክላውድ ማለት የራስን ኮምፒዩተር በመግዛት ፈንታ፣ በሌላ ስፍራ በትልቅ አዳራሽ ከተደረደሩት ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት አማካይነት መከራየት ነው። የክፍላችንን ውጤትና የወላጆችን ስልክ ቁጥር የያዘውን መዝገብ በእንዲህ ያለ የኪራይ ኮምፒዩተር ላይ አኑሬ ነበር። በማግሥቱ ብመለከት፣ ከማላውቃቸው አድራሻዎች የይለፍ ቃሉን ለመገመት ሌሊቱን ሙሉ ሲሞከር አድሯል። የገባ አልነበረም፤ እኔ ግን እጅግ ደነገጥሁ። ለመምህራችን ብነግራቸው፣ «መዝገቡን አንሣው፤ አስቀድመህ አጥሩን እጠር» አሉኝ።

ይህ አጥር የግል መረብ ነው። አማዞን በ2009 እ.ኤ.አ. ቪፒሲ በሚል ስም ለተከራዮች አቅርቦታል። በአንድ አዳራሽ ብዙ ተከራይ ቢኖርም፣ ካልተስማሙ በቀር የአንዱ መረብ ከሌላው አይገናኝም። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አድራሻ መምረጥ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ለግል መረብ ሦስት የአድራሻ ክልሎችን ለይቷል፤ አንዱ በ10 የሚጀምረው ነው። እኔም 10.0.0.0/16ን መረጥሁ። አድራሻው 32 ቢት ሲሆን የፊተኛው 16 ስለማይለወጥ፣ በቀረው 16 ቢት 65,536 አድራሻ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ግቢውን እልፍኝና ጓዳ ብሎ መክፈል። ለያንዳንዳቸው /24 ሰጠሁ፤ ይህም 256 አድራሻ ሲሆን አማዞን 5ቱን ለራሱ ስለሚይዝ 251 ይተርፋል። እንግዳ የሚቀበለው ኮምፒዩተር በእልፍኝ፣ መዝገቡ ግን በጓዳ ተቀመጠ።

ሦስተኛ፣ በር ማውጣት። በሩ ኢንተርኔት ጌትዌይ ይባላል። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በእልፍኙ የመንገድ ሠንጠረዥ ብቻ ይጻፋል፤ ጓዳው ይህ መንገድ ስለሌለው ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደርስበት የለም።

አራተኛ፣ ዘበኛ ማቆም። ዘበኛው ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ይባላል። የጓዳውን ዘበኛ በ3306 ቁጥር መግቢያ ከእልፍኙ ኮምፒዩተር በቀር ማንንም እንዳያሳልፍ አዘዝሁት። የፊተኛው ስሕተቴም እዚህ ላይ ነበር፤ 0.0.0.0/0 ብዬ ጽፌ ነበርና። ትርጓሜው «የዓለም ሰው ሁሉ ይለፍ» ማለት ነው።

በመጨረሻ ባዶውን መዝገብ ከቤቴ ብጠራው ዝም አለ፤ ከእልፍኙ ብጠራው ግን መለሰ። የጓደኞቼን ውጤት መልሼ ያስገባሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ስልካችሁን የሰጣችሁን አምናችሁን ነውና ይቅርታችሁን እለምናለሁ። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። የእኔ ውሻ ጅቡ ደጅ ሳለ ጮኸ፤ ይህ ግን ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም። እናንተም ጓደኞቼ፣ አጥሩን ሳታጥሩ የሰው አደራ አትቀበሉ።