ሳይጠመቁ ስላረፉት አማት

ክርስትና «መዳን በክርስቶስ ብቻ ነው» ማለቱና አንድ ክርስቲያን ስለ ሟች «እሷ አልዳነችም» ብሎ መፍረዱ አንድ ነገር ተደርገው ሲወሰዱ፣ ትምህርቱም ይጣመማል፣ ቤተሰብም ይቆስላል፤ ከቤር ሼባ አጠገብ ከምትገኘው ከዖሜር የደረሰው ደብዳቤም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ጠያቂዋ ጎንደር ውስጥ ተወልደው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ ባላቸው ግን ከቤተ እስራኤል የሆኑ እናት ናቸው። በቅርቡ ያረፉት አማታቸው እስከ መጨረሻው በአይሁድ እምነታቸው ጸንተው የኖሩ፣ ምራታቸውንም እንደ ልጅ ያዩ ሴት ነበሩ። ሽቫው፣ ማለትም አይሁድ ከቀብር በኋላ ሰባት ቀን ቤት ተቀምጠው የሚያዝኑበት ሥርዓት፣ ገና ሳያበቃ የጠያቂዋ ታላቅ እኅት ከጎንደር ደውለው «ምነው ተጠምቀው በሞቱ፤ እንዲያ ያለች ነፍስ ጠፋች» ይላሉ። ይህን የሰማው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃቸው፣ ደግ ሰውን በጥምቀት ምክንያት የሚጥል ሃይማኖት ፍትሐዊ ሊሆን እንደማይችል፣ ሁሉም ሃይማኖት እኩል እንደሆነም ተናግሮ ከእናቱ ጋር መነጋገር አቁሟል። ጠያቂዋ ለእኅታቸውም ለልጃቸውም ምን ብለው እንደሚመልሱ ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል፤ አንደኛው «ሰው በማን ይድናል?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «እነማን ይድናሉ?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው አዲስ ኪዳን የማያሻማ መልስ አለው፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢየሩሳሌም ሸንጎ ፊት የመሰከረው ከክርስቶስ በቀር ሌላ አዳኝ እንደሌለ ነው፤ ይህን አለዝቦ ማቅረብ ልጁን ማታለል ይሆናል። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን ክርስቶስ ራሱ የስም ዝርዝር አልሰጠም፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደሚነበበው የሚድኑት ጥቂቶች እንደሆኑ የጠየቀውን ሰው ቁጥር ከመንገር ይልቅ ራሱ በጠባቡ በር ለመግባት እንዲጋደል አዘዘው። የበሩን ጠባብነት አልካደም፤ ስለ ሌላው ዕጣ የተጠየቀውን ግን ወደ ጠያቂው ሕይወት መለሰው። የነገረ መለኮት ሊቃውንት ሁለቱን ጥያቄዎች የሚያገናኙት በተለያየ መንገድ ነው፤ አግላይ የሚባለው አመለካከት ወንጌልን ሰምቶ በግልጽ ያላመነ አይድንም ሲል፣ አካታች የሚባለው አዳኙ ክርስቶስ ብቻ መሆኑን ይዞ ጸጋው ስሙን በቅጡ ወዳላወቁትም ሊደርስ እንደሚችል ያስተምራል፤ ብዝኃዊ የሚባለው ደግሞ ሃይማኖቶች ሁሉ ወደ አንድ ግብ የሚያደርሱ እኩል መንገዶች ናቸው ይላል።

ልጁን ደስ ያሰኘው ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን ይህ አመለካከት ከሌሎቹ የበለጠ ትሑት አይደለም፤ ለቤተ እስራኤሉም ቄስ ለተዋሕዶውም ቄስ፣ ሁለታችሁም የያዛችሁትን ነገር በትክክል አልተረዳችሁትም ብሎ ከሁለቱ በላይ ይቀመጣልና። አያቱ የጾሙትና ሰንበትን ያከበሩት ኦሪት ከብዙ እኩል መንገዶች አንዱ ነው ብለው አልነበረም። ራምባም በመባል የሚታወቀው የ12ኛው መቶ ዘመን የአይሁድ ሊቅ ማይሞኒደስ እንኳ፣ በአይሁድ ትምህርት ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጡትን ሰባቱን የኖኅ ትእዛዛት የሚጠብቅ የአሕዛብ ሰው በሚመጣው ዓለም ዕድል አለው ብሎ ሲያስተምር፣ የሚጠብቃቸው እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ስላዘዛቸው መሆን አለበት የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። የልጁ ጥያቄ በራሱ ግን የሚናቅ አይደለም፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አዲስ ነገርም አይደለም፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት አሁንም የሚከራከሩበት ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረውን የካቶሊክና የተዋሕዶ ፍጥጫ መነሻ አድርጎ፣ ሁሉም የእኔ እምነት ትክክል ነው ካለ ፈራጁ ማን እንደሚሆን ይጠይቃል። የተለያዩ ምስክሮች መጋጨታቸው መመርመርን ግድ ይላል እንጂ ሁሉም ሐሰተኞች፣ ወይም ሁሉም እውነተኞች መሆናቸውን አያረጋግጥም።

ወንጌልን ስላልሰሙት ሰዎች የሚነሣው ተቃውሞ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ውስጥ ሰፊ መልስ አለው። አብርሃም አልተጠመቀም፤ የሳሌም ንጉሥ መልከ ጼዴቅም ከአብርሃም ወገን ሳይሆን የልዑል እግዚአብሔር ካህን ነበረ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በትንሣኤ የምታከብረውም ክርስቶስ ወደ ሲኦል፣ ማለትም የሙታን ነፍሳት ተይዘው ወደነበሩበት ስፍራ፣ ወርዶ አዳምንና ልጆቹን ነፃ ማውጣቱን ነው። ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ሕግ ያልተሰጣቸው በልባቸው በተጻፈው እንደሚዳኙ ያመለክታል። በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው የቅርጣግናው ቆጵርያኖስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም ሲል በዋናነት ይከራከር የነበረው ከአንድነት ከተለዩ ክርስቲያኖች ጋር ነበር። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በፍሎረንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1442 ይህንኑ በአይሁድና በአሕዛብ ላይ በግልጽ አውጃ፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ግን፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ያላወቁና እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉ ሊድኑ እንደሚችሉ አስተምራለች።

እኅትየዋ እዚህ ላይ «አማትሽ ግን ሰምተዋል» ሊሉ ይችላሉ፤ ከባዱም ነገር ይኸው ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን ስለ ክርስቶስ የሰሙት ከርስት፣ ከረሃብና ከዘመድ መለየት ጋር ተጣብቆ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ የአባቱን ርስት መውረስ የሚችለው የተጠመቀ ብቻ እንዲሆን ማወጃቸው በታሪክ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1860 አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት ይሠራ ከነበረው የለንደን ማኅበር ተልኮ የመጣው፣ ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነው ሄንሪ ስተርን፣ ከእርሱም ጋር ማርቲን ፍላድ፣ በመንደሮቹ ስብከት ሲጀምሩ ማኅበረሰቡ በውስጡ ተከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በቆየው፣ ክፉ ቀን በተባለው የረሃብ ዘመን ደግሞ ብዙዎች በችጋር ተገፍተው ወደ ጥምቀት ሄዱ፤ የእነርሱ ዘሮች ዛሬም እስራኤል ለመግባት ሲጠይቁ ያ ጥምቀት ይነሣባቸዋል። በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ያደጉ አረጋዊት ጥምቀትን እንቢ ሲሉ እንቢ ያሉት ክርስቶስን ይሁን ወይስ ከወገን መለየትን፣ ከጎንደር በስልክ የሚለይ ሰው የለም። ጳውሎስ ያላመኑትን የሥጋ ዘመዶቹን ሲያስብ ስለ እነርሱ ሲል ራሱ ከክርስቶስ ቢለይ እስከመመኘት ያዘነ ሲሆን፣ ከአሕዛብ ወገን የመጡትን ክርስቲያኖች ደግሞ በወይራው ግንድ ላይ የተተከላችሁ የዱር ቅርንጫፎች ስለሆናችሁ በተፈጥሮዎቹ ቅርንጫፎች ላይ አትታበዩ ብሎ አስጠንቅቋል፤ ነገሩንም የጨረሰው በእነርሱ ላይ በመፍረድ ሳይሆን የእግዚአብሔር ፍርድ እንደማይመረመር በመናገር ነው። የእኅትየዋ ስሕተት መዳን በክርስቶስ ነው ማለታቸው ሳይሆን ያልተሰጣቸውን ፍርድ መስጠታቸው፣ ያውም ለቅሶ ቤት ላይ መስጠታቸው ነው።

በሌላ በኩል ጠያቂዋ ራሳቸውን ለማጽናናት ሲሉ አማታቸውን ሳያውቁት ክርስቲያን የነበሩ አድርገው ባያቀርቡ ይሻላል፤ ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ካርል ራነር በ20ኛው መቶ ዘመን «ስም የሌላቸው ክርስቲያኖች» የሚል ሐሳብ በቅንነት አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን በአይሁድነታቸው የኖሩ ሴት ይህን ቢሰሙ እንደ ክብር ይቆጥሩታል ተብሎ አይታሰብም። ለልጃቸውም ሁሉም እኩል ነው ብለው ከመታረቅ ይልቅ፣ እናቱ አዳኙ ክርስቶስ መሆኑን እንደሚያምኑ፣ አያቱን ግን ከማንም ይልቅ ለሚያውቃቸውና ለሚወዳቸው አምላክ ምሕረት አደራ እንደሰጡ በግልጽ ይንገሩት። ከባላቸው ቤተሰብ ጋር ሐዘኑን በሥርዓታቸው ይቀመጡ፣ የእምነት ክርክር በዚያ ቤት አያንሡ፤ ለእኅታቸው ደግሞ ደውለው፣ የሚቀጥለው የስልክ ጥሪ ባላቸውን የሚያጽናና ብቻ እንዲሆን በትሕትና ግን ሳያመነቱ ይጠይቁ። ፍትሐት፣ ማለትም ካህናት ለተጠመቀ ሟች የሚያደርሱት የይቅርታ ጸሎት፣ ለአማታቸው እንዲደረግ ማሰባቸውንም ጽፈዋል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ይህን አይፈቅድም፣ ሟቿም አይፈልጉትም ነበርና ይተዉት፤ በግል ጸሎታቸው ስለሚያደርጉት ግን በኢየሩሳሌም ወደሚገኘው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከንስሐ አባት ጋር ይማከሩ።