ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሕፃናት አገልግሎትና የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

የገና በዓል ሲቃረብ፣ እንዲሁም በክረምቱ ወራት፣ በቂርቆስና በካዛንችስ አካባቢ ላሉ አድባራት ጽሕፈት ቤቶች ተመሳሳይ ደብዳቤዎች ይደርሳሉ። ላኪዎቹ አንዳንድ ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ የራሳችን ምእመናን፣ አንዳንድ ጊዜም የእኅት አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች ወይም ሌሎች በጎ አድራጊዎች ናቸው። የደብዳቤው መንፈስ ግን አንድ ነው፤ ለሁለት ሳምንት እንመጣለን፣ ችግረኛ ሕፃናትን ማገልገል እንሻለን፣ ሕፃናቱን አዘጋጁልን የሚል ነው። በዚህ እትም የምናጠናው «አዘጋጁልን» የሚለውን የመጨረሻውን ቃል ነው።

ቃሉ በቅንነት እንደሚጻፍ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሕፃን ለእንግዳ እንደሚቀርብ መስተንግዶ የሚዘጋጅ አይደለም፤ መዘጋጀት ያለበት ሰበካው ነው። እንግዳው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ባለው ሰኞ ሕፃኑ ትምህርት ቤት መሄዱን፣ እናቱ ታማ እንደ ተኛች፣ የቤት ኪራዩ መከፈሉን ወይም አለመከፈሉን የሚያውቀው የአጥቢያው ካህንና የሰበካ ጉባኤው ነው። የአገልግሎቱ ባለቤትም ስለዚህ እርሱ ነው። እንግዳው ረዳት ነው።

ይህ አሠራር ሐዋርያዊ መሠረት አለው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ከመቄዶንያና ከአካይያ ምእመናን ርዳታ ባሰባሰበ ጊዜ የተከተለውን ሥርዓት በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 እና በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 እናገኛለን። መዋጮው በየሳምንቱ አስቀድሞ ይቀመጣል፤ አድራሾቹ በምእመናኑ የተመረጡና ደብዳቤ የያዙ ናቸው፤ ቲቶና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰከረላቸው ወንድሞች አብረው የሚላኩትም ስለ ገንዘቡ ማንም ነቀፌታ እንዳያነሣ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባው ግን በሮሜ 15፥31 ያለው ልመና ነው። ሐዋርያው ስጦታውን ይዞ ሊሄድ ሲነሣ፣ አገልግሎቱ በኢየሩሳሌም ባሉ ቅዱሳን ዘንድ የተወደደ ይሆን ዘንድ ጸልዩልኝ ይላል። ሰጪው፣ ተቀባዩ ይቀበለው እንደሆነ ይሠጋል ማለት ነው። ከዚያው ጥቂት ከፍ ብሎም ሰጪዎቹን የተቀባዮቹ ባለዕዳዎች ይላቸዋል፤ ከኢየሩሳሌም መንፈሳዊውን በረከት አስቀድመው ተካፍለዋልና።

በእኛ ዘመን ስጋቱ ወገን ለውጧል። እንግዳው ቅር እንዳይለው የሚጨነቀው ተቀባዩ ሆኗል። አጥሩ ቀለም ይቀባል፣ ሕፃናቱ ከረፋዱ ጀምሮ በቅጥር ግቢው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ መዝሙር እንዲያጠኑ ይደረጋል፣ ቀኑ በፎቶግራፍ ያልቃል። ሮሜ 15ን ያነበበ ኮሚቴ ግን እንግዶቹን በፍቅር እየተቀበለ፣ ሥራቸው ለሕፃናቱ የሚስማማ መሆኑን ለመመርመር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ያውቃል።

በአንጻሩ፣ «ለአውሮፕላን ከሚያወጡ ገንዘቡን ቢልኩ ይሻላል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በዚህ አሳብ አንስማማም። ጳውሎስ ገንዘቡን ልኮ መቅረት ይችል ነበር፤ በኢየሩሳሌም እስራት እንደሚጠብቀው እየተነገረው ራሱ ሄደ። ችግሩ ከመምጣቱ ሳይሆን ከአመጣጡ ላይ ነው። እንግሊዛዊት ወይም አሜሪካዊት ሆና ያደገች የኢትዮጵያውያን ልጅ የአያቶቿን ቤተ ክርስቲያን አይታ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቡና ጠጥታ ስትመለስ የምትጠብቀው ወዳጅነት በባንክ ሐዋላ ብቻ አይገኝም።

የቂርቆስ አካባቢ ስያሜም የራሱ ትምህርት አለው። ሰፈሩ የተጠራው በሦስት ዓመት ሕፃን ስም ነው። ሕፃኑ ቂርቆስ በመኰንኑ ፊት ስለ እምነቱ ራሱ መልስ ሰጥቷል፤ እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ የፈላውን ውኃ አይታ በፈራች ጊዜ ያጸናትም እርሱ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ሁለቱን ከእሳቱ ያዳነበትን መታሰቢያ እናከብራለን፤ የክረምቱ እንግዶችም ብዙ ጊዜ የሚደርሱት በዚሁ ሰሞን ነው። ሕፃንን ምስክር አድርጋ የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ሕፃንን ማሳያ ልታደርገው አይገባትም። ሕፃኑ ፎቶግራፍ መነሣት ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ወላጁም ይፈቀድ ወይም አይፈቀድ ይበል፤ የልጁ ስም፣ የቤቱ ሁኔታና የወላጆቹ ሕመም ከሥዕሉ ጋር አብረው አይውጡ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36ም በሕፃናት ጉዳይ ላይ የሚወሰን ማንኛውም እርምጃ በቅድሚያ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲመለከት ያዝዛል።

ካዛንችስ ለውጭ እንግዳ አዲስ አይደለም። ስሙ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የመጣ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀና በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያ ከተመሠረተ ወዲህ፣ ከትልልቅ ሆቴሎች ጀርባ በቀበሌ ቤት ያደገ ልጅ የውጭ ሰው ሲያይ አይደነቅም። አንዳንዱ ካሜራ ሲያይ እንዴት መቆም እንዳለበት ጭምር ያውቃል፤ ይህ ሊያሳዝነን ይገባል።

አሁን ግን ከዚህ የከበደ ጉዳይ ገጥሞናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በካዛንችስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ተዛውረዋል። ባሕር ማዶ ያለው ረጂ በእጁ የያዘው ዝርዝር ግን የቀድሞውን የቤት ቁጥር እንደ ያዘ ነው። «ያችን ልጅ ማየት እንፈልጋለን» ብሎ ሲጽፍ፣ ልጅቱ ከደብሩ ርቃ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ምናልባትም አቋርጣለች። እዚህ ላይ ለኮሚቴው የሚቀርብ ፈተና አለ። የጎደለውን ስም በአቅራቢያ በሚገኝ ሌላ ሕፃን ሞልቶ ቁጥሩን ማሟላት ቀላል ነው። ተተኪው ሕፃንም ችግረኛ ስለሆነ ኃጢአት አይመስልም። ሆኖም በእርሷ ስም የተላከውን ሌላ ሲወስድ፣ የተፈናቀለችው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ትፈናቀላለች።

ስለዚህ ማናቸውም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ዝርዝሩ እንደ ገና ይጣራ። በዚህ ሥራ የንስሐ አባትን የሚተካ የለም፤ የንስሐ ልጆቹ ወዴት እንደ ሄዱ ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃልና። የሚጠየቀው ግን የቤተሰቡን አድራሻና የሚታየውን ችግር ብቻ ነው፤ በንስሐ የሰማው ለኮሚቴም ለረጂም አይነገርም። ከሰፈሩ ዕድርም ብዙ መረጃ ይገኛል። ቤተሰቡ ከተገኘ በኋላ በአዲሱ መኖሪያ ላለው አጥቢያ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ልጅቱ በሰንበት ትምህርት ቤቱ እንድትመዘገብ፣ ድጋፉም በየትኛው ሰበካ በኩል እንደሚደርሳት በሁለቱ ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ ይወሰን። ረጂውም እውነቱ ይነገረው። የትራንስፖርት ወጪ፣ የደንብ ልብስ፣ እናቲቱ በአዲሱ ሰፈር የምትጀምረው የጉሊት መነሻ፣ ዛሬ ከአሻንጉሊትና ከከረሜላ ይልቅ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

ድጋፉ ወደ ቤተሰቡ እንዲሄድ የምንመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። በካምቦዲያ የውጭ ጎብኚዎች ወደ ሕፃናት ማሳደጊያዎች መጉረፋቸው ድርጅቶቹን እንዳበዛ፣ በውስጣቸው ከሚኖሩት ሕፃናትም አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ታውቋል። ጎብኚው ወላጅ አልባ ሕፃን ሲፈልግ፣ ወላጅ ያለው ሕፃን ከቤቱ ይወጣለታል። በአገራችንም አንዳንድ እንግዳ በስሜት ተነክቶ ሕፃን ይዞ ለመሄድ ይጠይቃል። መልሱ አጭር ነው፤ ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ በሕግ ተከልክሏል።

ጉዞ ሁሉ እንዲህ ያልቃል ማለታችን አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወርደው በወሎ ረኃብ ያለቀውን ሕዝብ አዩ፤ ሲመለሱ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከዚያ በኋላ ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስ ሕይወታቸው ለሕፃናት ሆነ። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት ለሦስት ዓመት ውል ነበር፤ ሁለቱም በአዲስ አበባ እያገለገሉ አረፉ። በእነዚህ ሰዎች ጉዞው መጀመሪያ ብቻ ነበር። የሁለት ሳምንት እንግዳ ይህን ያህል ሊጠየቅ አይችልም፤ ነገር ግን ከሚቀሩት ጋር እንዲሠራ ሊጠየቅ ይችላል። ሐኪም ከሆነ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር ይመርምር፤ መምህር ከሆነ ሕፃናቱን ሳይሆን የሰንበት ትምህርት ቤቱን መምህራን ያሠልጥን። ቤት ለቤት ሲጠየቅ ከካህኑ ጋር ከሁለት ሰው በላይ አይግባ፤ በአንድ ክፍል ለምትኖር እናት ዐሥራ አምስት እንግዳ መከራ ነው። ከሕፃን ጋር ለብቻው የሚቆይ እንግዳም አይኑር። ስጦታ በእንግዳው እጅ በአደባባይ አይታደል፤ ገንዘቡም ዕቃውም በሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ፣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተወከሉበት ኮሚቴ ይከፋፈል። በሐዋርያት ሥራ 6 ስለ መበለቶች የተነሣው ማጉረምረም የተፈታው በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ዲያቆናት በመሾማቸው እንደ ነበር እናስታውስ።

እንግዶቹ በተመለሱ በአንድ ወር ውስጥ ኮሚቴው የተሠራውን ይጻፍላቸው፤ ያልተሳካውም አብሮ ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ የልጆቹ የትምህርት ሁኔታ ይገለጽ።

ለገና የሚመጡት ቲኬት የሚቆርጡት በመስከረምና በጥቅምት፣ ለክረምት የሚመጡት በሚያዝያና በግንቦት ገደማ በመሆኑ፣ የሰበካው መልስ ከዚያ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢደርሳቸው መልካም ነው። ከካዛንችስ የተነሡ ቤተሰቦችን ዝርዝር ገና ያላጣሩ አድባራት ሥራውን ከዚህ ሩብ ዓመት ሳያሳልፉ እንዲጀምሩ እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።