ከደመወዙ በፊት ማደሪያውን ጠይቅ

በዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችን ሳንጠይቀው የምናልፈውን አንድ ጥያቄ እናነሳለን።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለግንባታ ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ አለፍ ሲልም ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ጥቂት አይደለም። እስቲ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሳዑዲ የተመለሰ የሰፈሩን ሰው ያማክራል እንበል።

«አያ፣ ለግንበኛ በወር ስንት ይከፍላሉ?»

«እሱን ቆይ። የት ነው የምታድረው?»

«እንዴ፣ ማደሪያ መቼ ይጠፋል! የእኛ አገር ልጆች አሉ፣ እነሱ ጋ እጠጋለሁ።»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።»

ሰውየው ማደሪያውን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። የምታድርበት ቦታ ሦስት ነገሮችን ይወስናል፤ ሕጋዊነትህን፣ ገንዘብህንና ጤናህን።

ሕጋዊነት

በሪያድ ከተማ መንፉሃ የሚባል ሰፈር አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተጠጋግተው ይኖሩበት ነበር። በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማሰስ ሲጀምር ግጭት የተነሳውና የሰው ሕይወት የጠፋው እዚያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ኢቃማ የሌለው ሰው በስሙ ቤት ለመከራየት ይቸገራል፤ ያለው አማራጭ ወደ ተጠጋጋበት መጠጋት ነው።

በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ማደሪያውን በውሉ ላይ አንብቦ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛን፣ የጉዞን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ነው። «ለቪዛ ይህን ያህል አምጣ» የሚል ደላላ ካጋጠመህ ወደ ወረዳህ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂድና ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ጠይቅ።

ገንዘብ

እስቲ አብረን እናስላ። አንዱ አሠሪ 1,500 ሪያል ይከፍላል፤ ማደሪያ የለውም። ሌላው 1,200 ይከፍላል፤ ማደሪያ፣ ምግብና ወደ ሥራ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለው። የመጀመሪያው ሠራተኛ ለቤት ኪራይ 300፣ ለምግብ 300፣ ለትራንስፖርት 100 ሪያል ቢያወጣ በእጁ የሚቀረው 800 ብቻ ነው። ብዙ የሚመስለው ደመወዝ አነሰ ማለት ነው።

ጤና

የባሕረ ሰላጤው ሙቀት እንደ ጎጃም ደጋ አይደለም። በኳታር በበጋቸው ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9፡30 ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ተከልክሏል። ሌሊቱን ኤሲ በሌለው ክፍል ሲገላበጥ ያደረ ሠራተኛ በማግስቱ ፎቅ ላይ ሲወጣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ወደ ኤች.አይ.ቪ ስንመጣ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቫይረሱ በአንድ ክፍል በማደር፣ አብሮ በመብላት ወይም ሽንት ቤት በመጋራት አይተላለፍም። አደጋው ሌላ ነው። ደመወዝ በተከፈለ ምሽት መጠጥ ይመጣል፣ ናፍቆትና ብቸኝነት ይመጣል፣ «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚል ጓደኛ ይመጣል። ስለዚህ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን አብረውህ የሚያድሩትንም ምረጥ። ምላጭህን አትዋስ፣ አታውስም። ልቅ ግንኙነት ከፈጸምክ ወይም ኮንዶም ከተቀደደ ቫይረሱ እንዳይይዝህ የሚረዳ መድኃኒት አለ፤ ሆኖም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል። ፖሊስን ፈርቶ ተደብቆ የሚኖር ሰው ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ እንዴት ሐኪም ዘንድ ይደርሳል?

ሌላም አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚገባን ሰው የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ያስደርጋሉ፤ ቫይረሱ የተገኘበትን አያስገቡም፣ እዚያ ሳለ ከተገኘበትም ይመልሱታል። በመሆኑም በሬው ከመሸጡ፣ ብድሩም ከመወሰዱ በፊት በአቅራቢያህ ባለ ጤና ጣቢያ ተመርመር። ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ የሕይወትም የሥራም መጨረሻ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። አገር ውስጥ ለግንባታ ሥራ ሲሄድም ከጤና ጣቢያው የዝውውር ወረቀት ይዞ በሚሄድበት ከተማ ሕክምናውን መቀጠል ይችላል። ማደሪያ ሲመርጥ ታዲያ ከጤና ተቋም የማይርቅ፣ መድኃኒቱን ሳይደብቅ የሚውጥበት ቤት ይሁን።

ይህ ሁሉ በግንባታ ላይ ለሚሠሩ እህቶቻችንም ይሠራል። ለእነርሱ ደግሞ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ የብቻ ሽንት ቤትና መታጠቢያ ያለው ማደሪያ የግድ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ጥያቄው መነሳት ያለበት አውቶቡስ ከመሳፈር በፊት፣ ገና ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሳለን ነው።

የክበብ መወያያ ጥያቄዎች

1. ከሁለቱ አሠሪዎች የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?

2. ከመጓዛችሁ በፊት ስለ ማደሪያችሁ የምትጠይቋቸውን አምስት ጥያቄዎች ጻፉ።

3. አብሮህ የሚያድር ጓደኛህ መድኃኒት ሲውጥ ብታየው ምን ትለዋለህ?