ፎቶ ሲለጠጥ ሰው ይለጠጣል፦ የፎቶን የወርድና የቁመት ምጥጥን ስለ መቀየር

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰቦቼ ጋ በሄድኩበት ጊዜ አንዲት ጎረቤታችን የአባቷን የሙት ዓመት መታሰቢያ ጽሑፍ በኮምፒዩተር እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። "አንተ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማረው?" አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። የሰጠችኝ ፎቶ በሞባይል በቁሙ የተነሣ ነበር። እኔ ደግሞ ገጹ ላይ ለፎቶ የተውኩት ቦታ አራቱም ጎኑ እኩል ነው። ምን አደረግሁ? የፎቶውን የጎን ጠርዝ ይዤ ጎተትኩት። ቦታው ጢም ብሎ ሞላ፣ ደስም አለኝ። ሃምሳ ኮፒ ታትሞ ሲመጣ ግን ልጅቷ ዝም ብላ አየችውና "ይሄ እኮ አባዬ አይደለም፤ አባዬ ቀጭን ነበር" አለች።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችም በግድግዳ ጋዜጣችንና በየአሳይመንታችን ላይ ይህንኑ ስህተት ስንሠራ ስለማይ፣ ዋናውን ሰው ሳናበላሽ የፎቶን ቅርጽ እንዴት መቀየር እንደምንችል በአጭሩ ለመዳሰስ እሞክራለሁ።

ለመሆኑ ምጥጥን ምንድን ነው?

ምጥጥን (ብዙዎቻችን አስፔክት ሬሾ የምንለው) የፎቶው ወርድ ከቁመቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የድሮው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለነበረ ምጥጥኑ 3 ለ 2 ነው፤ አብዛኞቹ ትላልቅ ዲጂታል ካሜራዎችም ይህንኑ ወርሰዋል። የሞባይል ፎቶ በአብዛኛው 4 ለ 3፣ የዛሬው ቴሌቪዥን ደግሞ 16 ለ 9 ነው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምር አራት ጎኑ እኩል የሆነ ፎቶ ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ ሌላውን ቅርጽ የፈቀደው በ2015 ነው። እንግዲህ አንድ ፎቶ ከካሜራ ወጥቶ ጋዜጣ፣ ስክሪንና ፖስተር ላይ እስኪደርስ ድረስ ቅርጹ ብዙ ጊዜ ይቀየራል ማለት ነው።

የኔን ጥፋት በቁጥር እንየው። በቁሙ የተነሣው ፎቶ ወርዱ 3000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል ነው እንበል። ቁመቱን ሳልነካ ወርዱን ወደ 4000 ስጎትተው ሟቹ በሲሶ ሰፉ። ፊታቸው፣ ትከሻቸው፣ ሁሉም። ልጅቷ ቁጥሩን አታውቅም፣ አባቷን ግን ታውቃለች።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ጥንቃቄ እጃችን ላይ ነው። ወርድ ላይ ፎቶውን በማዕዘኑ ነጥብ ከጎተትነው ምጥጥኑ ይጠበቃል፤ በጎኑ መሐል ባለው ነጥብ ከጎተትነው ይበላሻል። ፎቶሾፕ ላይ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። በቀድሞዎቹ ቨርዥኖች ፎቶውን ስንጎትት ምጥጥኑ እንዲጠበቅ ሺፍትን መጫን ነበረብን። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሲሲ 2019 ወዲህ ግን ተገልብጧል፤ ሳንጫን ስንጎትት ይጠበቃል፣ ሺፍት ስንጫን ይለጠጣል። አንዱ ኮምፒዩተር አሮጌ፣ ሌላው አዲስ በሆነበት ላብ ውስጥ ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ቅርጹ የግድ መቀየር ካለበት ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው መቁረጥ ወይም ክሮፕ ማድረግ ነው። ማንም አይለጠጥም፤ ግን የሚጠፋ ነገር አለ። 3000 በ2000 የሆነን አግድም ፎቶ አራት ጎኑ እኩል ካደረግነው ሲሶው ይሄዳል። 2 ለ 3 ወደሆነ ቋሚ ቅርጽ ከለወጥነው ደግሞ የሚቀረው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት ዋናው ሰው የት እንዳለ እንይ። ሰውየው በሚያይበት አቅጣጫ ቦታ እንተውለት፤ ከክርን፣ ከጉልበት ወይም ከቁርጭምጭሚት ላይ አንቁረጠው። ከሁሉም በላይ ለጋዜጠኛ የሚበጀው ጥያቄ "የምቆርጠው ሰው የዜናው አካል ነው ወይ?" የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ የተነሣ ፎቶ ላይ አንዱን ብንቆርጥ የቀረው ሰው ለብቻው የሚጮህ ይመስላል። ፊቱ አልተለጠጠም፣ ታሪኩ ግን ተለጥጧል።

ሁለተኛው ቦታ መተው ነው። ፎቶውን እንዳለ አስቀምጦ ግራና ቀኙን ነጭ ወይም ሌላ ቀለም ማድረግ። ቴሌቪዥን በሞባይል በቁሙ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲያሳይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አያምርም የሚል ይኖራል፤ ቢሆንም አይዋሽም።

ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ራሱ መርጦ እንዲያጠብ ወይም እንዲያሰፋ ማድረግ ነው። ሻይ አቪዳንና አሪኤል ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ዘዴ ኮምፒዩተሩ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ ከአካባቢው ብዙም የማይለይ ቀጭን የፒክስል መስመር ይፈልጋል። ከዚያ ያንን መስመር ያወጣዋል፤ ደጋግሞም ይህንኑ ያደርጋል። ሰማይና ሜዳ ይጠብባሉ፤ ሰውና ቤት እንዳሉ ይቆያሉ። ፎቶሾፕ በ2008 ሲኤስ 4 ላይ ተመሳሳይ መሣሪያ አስገባ። ነገር ግን የሰው ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ፊትን እንደ ሰማይ ቆጥሮ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ሰውየውን አስቀድሞ መርጦ "ይህን አትንካ" ማለት ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሌለውን ጠርዝ ፈጥሮ የሚጨምር ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል።

ታዲያ ሰውየው ካልተበላሸ ችግሩ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የፒራሚዶቹን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ለፌብሩዋሪ 1982 እትሙ ሽፋን ጎርደን ጋሃን ያነሣውን የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶ መረጠ። ፎቶው አግድም፣ ሽፋኑ ቋሚ ነው። በኮምፒዩተር ፒራሚዶቹን አቀራርበው አስገቡት። ፒራሚዱም ግመሉም አልተለጠጡም። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን እውነት አልነበረም። የመጽሔቱ አዘጋጅ ፎቶግራፈሩ ትንሽ ወደ ጎን ቆሞ ቢያነሣው እንደማለት ነው ብለው ቢከራከሩም ነቀፌታው አልቀረም። እስከዛሬም በፎቶ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ትምህርት ላይ ይጠቀሳል።

እንደኔ አስተያየት ሦስተኛው መንገድ ለማስታወቂያና ለፖስተር ይሁን፤ ለዜና ፎቶ አይሁን። ለዜና የሚሆኑት በጥንቃቄ መቁረጥና ቦታ መተው ናቸው።

ማጠቃለያ

የጎረቤታችን ነገር እንዴት አለቀ? መጀመሪያ ልቆርጠው አሰብኩ። አባትየው ግን ከዘራቸውን ይዘው ነው የተነሡት፤ ብቆርጠው ከዘራውና እጃቸው ይቀራል። "ያለ ከዘራው አንድ ቀን አይቼው አላውቅም" አለች። ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ገጹን ቀየርኩት። ጽሑፉን ወደ አንድ ወገን ሰብስቤ ለፎቶው ቋሚ ቦታ አወጣሁለት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አዲሱን ሃምሳ ኮፒ ያሳተምኩት በራሴ ገንዘብ ነው፤ ልጅቷ አይታው "አዎ፣ እሱ ነው" አለች።

እኛ ነገ የብዙ ሰው ፎቶ በእጃችን ያልፋል፤ አብዛኞቹም መጥተው "ይሄ እኔ አይደለሁም" የሚሉበት ዕድል አይኖራቸውም። ስለዚህ ሌይአውቱ አልገጥም ሲለን መጀመሪያ ሌይአውቱን እንንካ፤ ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰው በልብስ ልክ አይሰፋምና።