አሮጌ ባርኔጣ ሲገዙ ገልብጠው ይዩ

ሻጭ ሁሌ የሚያሳየው አናቱን ነው፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ በጣቱ ጫፍ አሽከርክሮ። እርስዎ ተቀብለው ይገልብጡት። የአሮጌ ፌልት ባርኔጣ ዕድሜም ሆነ ጤና የሚነበበው ከውስጥ ነው። ላይ ላዩን ያለውን አቧራና ጭምድድ ብሩሽና እንፋሎት ያነሱታል፤ ውስጡ ያለቀ ግን ያለቀ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ዕቃ እንግዳ አይደለም። አጼ ምኒልክ በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው የተነሷቸውን ፎቶግራፎች ያላየ የለም። ዛሬም ከካፖርት ጋርም ሆነ ከጋቢ ጋር ባርኔጣ የሚደፉ አባቶች አልጠፉም። ስለዚህ ፍለጋውን ከቤት ይጀምሩ፤ የአያት ቁምሳጥን አናት ላይ ለዓመታት ማንም ያልነካው ካርቶን ሊኖር ይችላል። ከዚያ መርካቶ ሰልባጅ የሚሸጥበት ነው። አሜሪካ ወይም ጣሊያን የሚኖር ዘመድ ካለዎት ደግሞ አሮጌ ዕቃ መሸጫዎችን እንዲያይልዎ የራስዎን ልክ ይላኩለት።

ልኩን በልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱ፦ ከጆሮ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በግንባር መሀል አልፎ፣ ራስን አንድ ጊዜ መዞር ነው። አውሮፓውያን ልኩን በሴንቲሜትር ይጽፉታል፤ የአሜሪካኖቹ 7⅛ ወደ 57፣ 7¼ ወደ 58፣ 7⅜ ወደ 59 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ጥቂት የሚሰፋ ባርኔጣ ችግር የለውም፤ ግንባር ከሚነካው የላብ ቆዳ ጀርባ በቀጭኑ የታጠፈ ወረቀት ሲገባ ልክ ይሆናል። የሚጠብ ግን ምንም ያህል ቢያምር አይግዙ። በግድ የተለጠጠ አሮጌ ቆዳ ከስፌቱ ይተረተራል።

አሁን ወደ ውስጡ። የላቡን ቆዳ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይገልብጡት። ቆዳው እየታጠፈ ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደ ደረቀ እንጀራ ከተሰባበረ ለጌጥ እንጂ ለራስ አይሆንም። ከቆዳው ጀርባ ብዙ ጊዜ ትንሽ የወረቀት ምልክት ይገኛል፦ ልክ፣ ቁጥር፣ አንዳንዴም የሠራተኞች ማኅበር ማኅተም። ይህ ወረቀት ለሰብሳቢ ወርቅ ነው። በአሜሪካ የባርኔጣ ሠሪዎችና የቆብ ሠሪዎች ማኅበራት የተዋሐዱት በ1934 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለሆነ፣ የሁለቱ ስም በአንድ ላይ የታተመበት ባርኔጣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። በቀለበት ውስጥ ያለችው የ«አር» ፊደል ምልክት ካለችበት ደግሞ ከ1946ቱ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ በኋላ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ቦርሳሊኖ በ1857 ጣሊያን አሌሳንድሪያ ላይ፣ ስቴትሰን በ1865 ፊላደልፊያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ነገር ግን ስሙ የታተመበት ገበር ሊቀየር ይችላል፣ የታወቀ ስም ብቻውን ዋጋ እንዲያስጨምርብዎ አይፍቀዱ።

ቀጥሎ ጨርቁ ነው። ፌልት አይሸመንም፤ የእንስሳ ጠጉር በሙቅ ውኃ፣ በእንፋሎትና በግፊት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠነክራል። ከበግ ጠጉር የተሠራው ወፍራምና ደረቅ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ቅርጹን በቶሎ ይለቃል። ከጥንቸል ወይም ከቢቨር የተሠራው ቀጭን ሆኖ ለስላሳ ነው፤ ክፈፉን በጣት ጎንበስ አድርገው ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ወደ ብርሃን ያንሱት። ቀዳዳ ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየ ብል በልቶታል። ፊት ለፊት የተቆነጠጠውን ቦታ በተለይ ይመርምሩ፤ ብዙ ሰው ባርኔጣውን እዚያ ጋ ይዞ ስለሚያወልቅ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።

የገዙትን ባርኔጣ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉ። በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ብሉም እንቁላሉም ያልቃል። ሲያወጡት ከረጢቱን ሳይከፍቱ ይሙቅ፣ አለበለዚያ እርጥበት ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በድሮ ጊዜ ጠጉሩ በሜርኩሪ ጨው ይታከም ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ የቆመው በ1941 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከመሰለዎት እንፋሎት አያስነኩት፣ ልጆችም አይጫወቱበት። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ሌላውን ለማደስ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ለጥቁርና ለነጣ ያለ ባርኔጣ የተለያየ ብሩሽ ይያዙ። ጠጉሩ የተኛበትን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉ። ቅርጹ የተጨማደደ ከሆነ ማንቆርቆሪያ ያፍሉና፣ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እንፋሎቱን ያስነኩት፤ ፌልቱ ሲለሰልስ በእጅ ይቅረጹና እስኪደርቅ አይንኩት። የላቡ ቆዳ እንፋሎት አይወድም፣ ይኮማተራል። ለቆዳው ጥቂት የቆዳ ቅባት በጨርቅ ይበቃዋል፤ ከበዛ ወደ ፌልቱ ያልፋል።

ሲደፉት የጥብጣቡ ቋጠሮ በግራ በኩል ይሁን። ክፈፉ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ማለቱ አይከፋም፣ ግን ሠርግ ላይ እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም። በ1940ዎቹ የተሠሩት ክፈፋቸው ሰፊ፣ በ60ዎቹ የተሠሩት ጠባብ ስለሆነ፣ ሰፊውን ሰፊ ኮሌታ ካለው ካፖርት ጋር ያድርጉት። ትከሻው ሰፊ፣ ባርኔጣው ጠባብ ሲሆን ራስ ያንሳል። ለሰላምታም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ክፈፉን ከፊትና ከኋላ ይዘው ያውልቁት።

የአዲስ አበባ ክረምት ድንገት ካገኘዎት ውኃውን ያራግፉ፣ የላቡን ቆዳ ወደ ውጭ ገልብጠው በእሱ ላይ አቁመው ቤት ውስጥ ያድርቁት። ፀሐይና ምድጃ ፌልትን ያኮማትሩታል፤ መስኮቱ የተዘጋ መኪናም እንዲሁ። ከለበሱት ማግስት ያሳርፉት። በክፈፉ አይቀመጥም፣ በአናቱ ተገልብጦ ወይም በሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥም የብል መከላከያውን ፌልቱን እንዳይነካ በጨርቅ ቋጥረው ያኑሩት።