የኢለርኒንግ ማዘጋጃ ሶፍትዌር እና የአማርኛ ሞጁል

የማዘጋጃ ሶፍትዌር ምን ይሠራል?

ኢለርኒንግ (በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሰጥ ትምህርት) ተማሪው ዘንድ እስኪደርስ በሁለት ፕሮግራሞች ያልፋል። የመጀመሪያው የማዘጋጃ ሶፍትዌር ነው፤ ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ድምፅና ጥያቄ በየስላይዱ የሚደራጁት በእሱ ነው። አርቲኩሌት ስቶሪላይን፣ አዶቢ ካፕቲቬት እና ኤችፋይቭፒ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለተኛው የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ሲሆን ተማሪውን ይመዘግባል፣ ትምህርቱን ያቀርባል፣ ውጤቱን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያ የተጀመረው ሙድል ከእነዚህ የታወቀው ነው። ሁለቱ የሚግባቡት ስኮርም በሚባል ደንብ (ትምህርቱ እንዴት እንደሚታሸግና ውጤቱ እንዴት እንደሚላክ የሚወስን ስምምነት) አማካይነት ነው።

በባለሙያውና በተማሪው መካከል ደግሞ የሞጁል (በራሱ የቆመ የትምህርት ክፍል) አዘጋጅ አለ፤ ባለሙያው የሚያውቀውን ተማሪው ወደሚረዳው ጽሑፍ የሚለውጥ ሰው ነው። ለዚህ ማብራሪያ በምሳሌነት የተወሰደው የሸዋ ሮቢት ከተማና በዙሪያው ያለው የይፋት ቆላ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ከደብረ ሲና ወዲያ ይገኛል። በቀወት ወረዳና በአካባቢው ማሾ፣ ማሽላ፣ ጤፍና በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ይመረታል። ለቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ስለ ማሾ ተባይ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ስለ ወባ አጭር ትምህርት ይዘጋጅ ቢባል፣ ጽሑፉ አማርኛ፣ መማሪያው ስልክ፣ ኔትወርኩም የሚቆራረጥ ይሆናል። ሶፍትዌሮቹ ግን የተሠሩት በላቲን ፊደል ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለማይጠፋበት ቢሮ ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ አለመገጣጠም የሚመነጩ ናቸው።

ፊደሉ ለምን ይበላሻል?

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ደረጃ) የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲሆን ለዚሁ 384 የቁጥር ቦታዎችን መድቧል። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲንን ቁጥሮች ተውሰው መልኩን ብቻ በፎንት (የፊደል ቅርጽ በያዘ ፋይል) ወደ ግዕዝ ይለውጡ ነበር። ያኔ አንድ ፎንት ሊይዝ ይችል የነበረው ከ256 ቅርጽ ስለማይበልጥ፣ ገበታው ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ይከፋፈል ወይም ፊደሉ ከቁርጥራጭ ይገጣጠም ነበር።

በዚህ መንገድ የተተየበ የቆየ የሥልጠና ሰነድ ወደ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ሲገለበጥ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሶፍትዌሩ ይሳበባል፤ ሶፍትዌሩ ግን ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንዳለ ከማሳየት በቀር ያደረገው የለም። መፍትሔው ሰነዱን አስቀድሞ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር፣ ከዚያም ከታተመው ቅጂ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ነው። በዚህ ጊዜ ይበልጥ የሚበላሹት ሥርዓተ ነጥቦችና እንደ ሏ፣ ቧ፣ ኳ ያሉ ዲቃላ ፊደላት ናቸው።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖም ባዶ ሣጥን ሊታይ ይችላል። ይህ የሚሆነው የተማሪው መሣሪያ አዘጋጁ የመረጠውን ፎንት ሳይኖረው ሲቀር ነው። ለምሳሌ ናይላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ስለሆነ በአንድሮይድ ስልክ ላይ አይገኝም። ስለዚህ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁትን ኖቶን ወይም አቢሲኒካን መምረጥና ፎንቱን ከትምህርቱ ጋር አብሮ ማሸግ ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ መሣሪያዎች ፋይሉን ለማሳነስ የሚያሽጉት በትምህርቱ ውስጥ የታዩትን ፊደላት ብቻ ነው፤ ተማሪው ስሙን ሲጽፍ ከስሙ ፊደላት ገሚሱ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። በተማሪው ማያ ገጽ ላይ በማይታይ ስላይድ ሙሉውን የፊደል ገበታ ከሀ እስከ ፖ መለጠፍ ችግሩን ያስወግዳል። ጽሑፍን እንደ ሥዕል አድርጎ ማስገባትም የተለመደ መላ ነው፤ ሆኖም ፋይሉን ያከብዳል፣ መፈለግን ይከለክላል፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነቡ ፕሮግራሞችንም ዝም ያሰኛል። ለርዕስ ካልሆነ በቀር አይመረጥም።

ትክክለኛ መልስ ለምን ስሕተት ይባላል?

ተማሪው መልሱን ራሱ የሚጽፍበት ጥያቄ ሲቀርብ፣ ሶፍትዌሩ የተጻፈውን ከተመዘገበው መልስ ጋር የሚያመሳክረው በፊደሎቹ ቁጥር ነው። ለእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደልን እንደ አንድ የሚቆጥር ምርጫ አለው፤ ለአማርኛ ሞክሼ ፊደላት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ፀሐይ የሚለው ቃል መነሻው በፀ ወይም በጸ፣ መካከሉ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል በአጠቃላይ 12 መልክ አለው። አንዱ ብቻ ከተመዘገበ በ11ዱ የጻፈ ተማሪ፣ ትምህርቱን ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ ዜሮ ያገኛል። መጨረሻ ላይ የገባች አራት ነጥብም ለዚሁ ትበቃለች።

የመጀመሪያው መላ ሁሉንም አጻጻፍ በተቀባይነት መዝገብ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ለአንድ ቃል ይቻላል፣ ለሐረግ አይሞከርም። ሁለተኛው በጃቫስክሪፕት (በድረ ገጽ ውስጥ በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል መልሶ ማነጻጸር ነው። ስቶሪላይን ይህን ይፈቅዳል፣ ግን ኮዱን የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው ጥያቄውን መለወጥ ነው፦ በምርጫ፣ በማዛመድ ወይም መልሱ ቁጥር በሆነ ጥያቄ መተካት። የችግኝ ርቀት በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ሞክሼ አያውቅም። በወረዳ ደረጃ ለሚዘጋጅ ትምህርት ሦስተኛው መላ ይበልጣል፤ በስልክ ኪቦርድ ረጅም አማርኛ መጻፍ በራሱ ፈተና ስለሆነ የሚለካው ዕውቀት ሳይሆን ትየባ እንዳይሆን ይከላከላል።

ሶፍትዌሩ ተማሪውን እንዴት ይጠራዋል?

ሶፍትዌሮቹ ይዘዋቸው የሚመጡ የአስተያየት ጽሑፎች እንግሊዝኛ ሲሆኑ ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። በአማርኛ ግን ተሳስተሃል፣ ተሳስተሻል እና ተሳስተዋል የተለያዩ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ሴቶች ስለሆኑ፣ በወንድ አንቀጽ የተጻፈ ሞጁል ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል። አንቱታ አንዱ መውጫ ነው። ከዚያ የሚቀለው ግን «መልሱ ትክክል ነው» ብሎ ስለ መልሱ መናገር ነው፤ አዝራሮችም «ቀጣይ»፣ «ያለፈው»፣ «ማረጋገጫ» ተብለው በስም መልክ ሊሰየሙ ይችላሉ።

ሰዓትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ማስተዳደሪያ ሥርዓቱ ፈተናው 6:00 ላይ ይዘጋል ብሎ ሲያሳውቅ ተማሪው እኩለ ቀን ሊለው ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን የቆጠረው ከንጋቱ 12 ሰዓትን ነው። ቅንብሩን መለወጥ ካልተቻለ ከሥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ መድገም ይበቃል።

ድምፁን ማን ያነባል?

ማይክሮሶፍት መቅደስ እና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ሰው ሠራሽ ድምፆች አሉት፤ የተጻፈውን ያነባሉ። ችግሩ የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን አለማሳየቱ ነው። «ተባዩ ቅጠሉን ይበላል» እና «ፍሬው ይበላል» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግሱ አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት ይነበባል። ሰው ከአገባቡ ይለየዋል፣ ማሽኑ ግን ሊስተው ይችላል። ሁለተኛውን «ፍሬው ለምግብ ይውላል» ብሎ መጻፍ ችግሩን ያልፈዋል፤ ሙሉ ሞጁልን በዚህ መንገድ መከለስ ግን አድካሚ ነው።

ስለዚህ የሰው ድምፅ ይመረጣል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀን ቀን ቢሮ ውስጥ ቬንትሌተር ይሽከረከራል፣ መስኮትም ይከፈታል፤ ማይክሮፎኑ ሁለቱንም ይቀዳል። ቀረጻውን ወደ ማለዳ ማዛወር ከማንኛውም የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለየስላይዱ የተለየ ፋይል መቅዳትም ያስፈልጋል፤ አንድ የመድኃኒት መጠን ሲለወጥ አንድ ፋይል ብቻ ይተካል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ትምህርቱ እንዴት ይደርሳል?

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ውጭም ቢሆን በቆላው ቀበሌዎች ከባድ ፋይል ማውረድ ቀላል አይደለም። የታሸገውን ትምህርት በፍላሽ ወስዶ በቀጥታ መክፈት መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም የድረ ገጽ ማሰሻዎች ለደኅንነት ሲሉ ከዲስክ የተከፈተ ገጽ ሌሎች ፋይሎችን እንዳይጠራ ስለሚከለክሉ ስላይዱ ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሙድል የስልክ መተግበሪያ በስኮርም 1.2 እትም የታሸገ ትምህርትን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያሠራል፣ ውጤቱንም ግንኙነት ሲገኝ ይልካል። ሌላው አማራጭ አንድ ላፕቶፕ ላይ ኮሊብሪን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ የትምህርት ሥርዓት) ጭኖ በዋይፋይ ለተሰብሳቢው ስልኮች ማካፈል ነው። በቴሌግራም የሚላክ ቪዲዮም ይጠቅማል፤ ውጤት አይመዘግብም እንጂ።

የስኮርም 1.2 አንድ ጠባይ ብዙ አዘጋጆችን ግራ ያጋባል። ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ሲመለስ ከቆመበት እንዲቀጥል መረጃው የሚቀመጥበት ቦታ 4,096 ቁምፊ (ፊደልና ምልክት) ብቻ ይይዛል። የስላይዱና የመልሱ ብዛት ከዚህ ሲያልፍ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይታይ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ሊነሳ ይችላል። በአማርኛ የተጻፈ መልስ በድረ ገጽ አድራሻ ኮድ ከተቀመጠ አንዱ ፊደል 9 ቁምፊ ስለሚሆን ቦታው ቶሎ ይሞላል። ትልቁን ሞጁል በትናንሽ ጥቅሎች መከፋፈል ይህንንም የማውረዱንም ችግር አብሮ ያቀላል።

ዋናው ጽሑፍ የት ይቀመጥ?

የማዘጋጃ ሶፍትዌር ዕድሜ አጭር ነው። አዶቢ ለፍላሽ ፕሌየር (ቀድሞ የኢለርኒንግ ትምህርቶች ይታዩበት ለነበረው ፕሮግራም) የሚሰጠውን ድጋፍ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያቆም በእሱ ብቻ የተዘጋጁ ትምህርቶች መከፈት አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዲሱ ካፕቲቬት ደግሞ በቀድሞው ካፕቲቬት የተሠሩ ፋይሎችን አይከፍትም። የስቶሪላይን ፈቃድ ለአንድ ሰው በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሆነና ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ስለሚጠይቅ ፈቃዱ ሳይታደስ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ጽሑፉ በማይከፈት ፋይል ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ነፃዎቹ እንደ ኤችፋይቭፒ ያሉት ለወረዳ ሥራ የሚመረጡት በዋጋ ብቻ አይደለም፤ ፋይላቸው በሌላ ፕሮግራምም ይፈታል።

ከዚህ የተነሣ ጽሑፉ ከሶፍትዌሩ ውጭ በተራ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ይያዛል፦ የስላይድ ቁጥር፣ የሚታይ ጽሑፍ፣ የሚነበብ ድምፅ፣ ጥያቄና መልስ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጃቸው 13 ሞጁሎች በወረቀትም በድረ ገጽም ሊወጡ የቻሉት ይዘቱ ለአንድ ሶፍትዌር ስላልታሰረ ነው። በአንጻሩ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ተቀርጾ ያለቀ ስለነበር፣ መምህሩ ሊያቆመውም ሊያርመውም አይችልም ነበር።

ሰንጠረዡ ሌላም ጥቅም አለው። የወረዳው ባለሙያ ሶፍትዌሩን ሳያውቅ በወረቀት ታትሞለት በእስክሪብቶ ያርመዋል፤ በይፋት የሚነገሩት አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛም እያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይሆናሉ። እርማት መጀመሪያ በሰንጠረዡ፣ ቀጥሎ በስላይዱ ይገባል። በችኮላ ስላይዱ ብቻ ከታረመ ሁለቱ ይለያያሉ፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቀው ባለሙያ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ቀጣዩ አዘጋጅ ሞጁሉን ስላይድ በስላይድ እንደገና ለማመሳከር ይገደዳል።